የመንግሥት አበባ

ለንደን ከመጣሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ያልሞላሁት ፎርም የለም። ሼፈርድስ ቡሽ አካባቢ እንግሊዝኛ የከበደው ወይም ትዕግሥቱ ያለቀ ሐበሻ ሁሉ ፖስታውን ይዞ እኔ ቤት ይመጣል። ካውንስል ለሚባለው የአካባቢ አስተዳደር ቤት፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ቤኔፊት ለሚሉት ድጎማ፣ ለዜግነት። እየተነጫነጭኩ ነው የምሞላው። አመሌ ነው፤ ሳልቆጣ እጄ አይጽፍም። ሰዉም ለምዶኛል፤ «ትስደበን፣ ብቻ ትሙላልን» ይላሉ አሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ እትዬ ላፕቶፗን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። እትዬ የምላት በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ነው እንጂ ዘመዴ ሆና አይደለም፤ ለኔ ግን ከዘመድ ትበልጣለች። «አንድ ነገር አፕላይ ታደርጊልኛለሽ» አለችኝ። ከፈትኩት። ከማሳሽ ጠርዝ ላይ ስንት ሜትር ሳታርሺ ትተያለሽ ብሎ ይጠይቃል።

«ለምንድነው የምትተዪው?» አልኳት።

«መንግሥት ይከፍለኛላ።»

«ላለማረስ?»

«አበባ ለመዝራት።»

መነጽሬን አውልቄ አየኋት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን መኖሩ ጭንቅላቷን ነክቶት ይሆን ብዬ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እትዬ የምትኖረው በለንደን ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ባቡሩ የሚያልቅበትና የኤሴክስ አውራጃ እርሻ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ከኔ ቤት ባቡር ቀይሬ፣ አውቶቡስ ይዤ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል። ባለቤቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ መሪ ይዞ ስለ አፈር የሚያወራ ሰው። አገር ቤት ግብርና ተምሮ ነበር። ካውንስሉ ለጀማሪ ገበሬ የሚያከራየው ሃያ ሄክታር ያህል መሬት እንዳለ የሰማ ጊዜ ሥራውን ለቀቀ። እትዬም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠረገችውን ሆስፒታል ትታ ተከተለችው። ዩኒፎርሟን አጥፋ ያስረከበች ቀን አብሬያት ነበርኩ። «ከእንግዲህ መጥረጊያ የምይዘው ለራሴ ቤት ነው» አለችኝ።

በሦስተኛው ዓመት ባሏ ሞተ። ልቅሶ ላይ ሁላችንም መካሪ ሆንን። መሬቱን መልሺ፣ ብሪክስተን ያለችው እህትሽ ጋ ግቢ፣ ሴት ብቻዋን እዚያ ሜዳ ላይ ምን ትሆናለች አልናት። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም። አንገቷን ደፍታ አዳመጠችን፣ «እሺ» አለችን፣ ባርባው ማግስት ደግሞ ትራክተር የሚያስነዳት ጎረቤት ፈልጋ ጀመረች። ቁመቷ ከትራክተሩ የኋላ ጎማ አይበልጥም። መቀመጫው ላይ ሁለት ትራስ ደርባ ነው የምትነዳው። ገብስና ድንች ዘራች፣ ጎመን ተከለች፣ በላስቲክ ቤት ውስጥ ቃሪያ አበቀለች። ሼፈርድስ ቡሽና ሃክኒ ያሉት የሐበሻ ሱቆች የሚሸጡት ጎመን የእሷ ነው። በሕይወቴ ብዙ ጎበዝ ሴት አይቻለሁ፤ እንደሷ ያለች ግን አላየሁም።

የክፍያውን ነገር ያስረዳችኝም እሷ ናት። ዱሮ መንግሥት ለገበሬ የሚከፍለው በመሬቱ ስፋት ነበር፤ ሰፊ መሬት ያለው ብዙ ያገኛል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ያ እየቀረ መጣና ገበሬው ለሚሠራው ነገር ይከፈለው ተባለ። ለንብ አበባ ለዘራ፣ የቁጥቋጦ አጥሩን ለተንከባከበ፣ ለክረምት ወፍ የሚለቀም ፍሬ ለተወ።

«እኛ አገር ወፍ ለማባረር ማማ ላይ ይዋላል፤ እዚህ ወፍ እንዲመጣ ይከፈላል?» አልኳት።

«ንቡም ወፉም አልቆ ነዋ። ጨርሶ ከሚጠፋ ተከፍሎም ቢመለስ ይሻላል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ደግሞ እሷ ክፍያ ከሌለች የመሬቱን ኪራይ አልችለውም። ኪራይ ካጎደልኩ ውሉን አያድሱልኝም። እሱ የተቀበረው እዚህ ነው፤ ያረሰውን ትቼ የትም አልሄድም» አለች።

ከዚያ በኋላ መነጫነጬን ትቼ ሞላሁላት። በኮምፒውተሩ ካርታ ላይ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ቁጥር አለው። ካርታው ታችኛውን ረግረግ እንደ እርሻ ቆጥሮላት አየሁ። «ዝም በይ፣ እነሱ ራሳቸው ናቸው ያሉት» ብላት፣ «አውጪው፣ እዚያ ውስጥ ሰምጬ ቦቲዬን ትቼ የወጣሁበት ነው» አለች። አወጣሁት፣ ክፍያዋም ቀነሰ። እሷ ሻይዋን ጠጣች፤ የተናደድኩት እኔ ነኝ።

ማመልከቻው ተፈቀደላት፤ በመስከረም አበባውን ዘራች። ስድስት ሜትር ስፋት፣ የሁለት ማሳ ዙሪያ። በግንቦት በቅሎ ስናየው ደስ አላት። እኔ እውነቱን ለመናገር ጎመን ዘር መሐል የሚበቅል ኮተት ነው የመሰለኝ። አበባው ገና አልወጣም፤ ቅጠል ብቻ ነው፣ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ የተንጨባረረ። «ታገሺው፣ በሰኔ መጨረሻ ታዪዋለሽ» አለችኝ።

በሰኔ መጀመሪያ ዝናብ በዛና ድንቿን አረም ዋጠው። ይህ ወሬ እድራችን ጋ ደረሰ። እድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው፤ የሚመሩት ሐጂ ናቸው። ሐጂ ወሎ ውስጥ የታወቁ ገበሬ ነበሩ። በሱዳን በኩል ተሰደው መጥተው፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረዋል። ሰማንያ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ጀርባቸው ቀጥ እንዳለ ነው። «ባሏ የሞተባት ሴት አረም ሲበላት ቁጭ ብለን እናያለን? ደቦ እንውጣላት እንጂ» አሉ። አሥራ አራት ሰው ተነሣ። አገሩን ከለቀቀ ወዲህ አፈር ነክቶ የማያውቅ የባንክ ቤት ዘበኛ ሁሉ መቆፈሪያ ገዝቶ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ቫን ደረሱ። እትዬ አገላብጣ ሳመቻቸው፣ ድንቹን አሳየቻቸው። እሷ ጎመን ለማድረስ ሃክኒ መሄድ ነበረባት። መኪናዋ ውስጥ ሆና ጠራችኝና፣ «ድንቹን ብቻ። አደራ፣ ጠርዙ ጋ እንዳይደርሱ። ሐሙስ ከመንግሥት ኢንስፔክተሯ አበባውን ልታይ ትመጣለች» አለችኝ። «ኧረ ሂጂ፣ ልጅ አደረግሽኝ እኮ» አልኳት።

የደቦ ነገር ምግቡ ነው። የሰኔ ጾም ስለገባ ለክርስቲያኑ ምስርና ጎመን፣ ለሙስሊሙ የሐላል በግ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ እንዳይቀላቀል ዓይኔን አልነቅልም። መጋዘኑ ውስጥ በጋዝ ምድጃ ስታገል ሲያዜሙ ይሰማኛል። ሐጂ ያወጣሉ፣ ሌላው ይቀበላል። እዚህ አገር እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ሆዴ ባባ። እኔም ሽንኩርቴን እያቁላላሁ ተቀበልኩ። ወጥቼ ማየት የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

ለካ ድንቹን ከእኩለ ቀን በፊት ጨርሰውታል። ሐጂ ወገባቸውን ለማሳረፍ ቀና ሲሉ ጠርዙን አዩት። «ይቺ ልጅ እንዲህ ያለ ጠርዝ ይዛ ሰው ፊት እንዴት ትቆማለች? ገበሬ የሚታወቀው በጠርዙ ነው» አሉና ጃኬታቸውን አወለቁ። ከመጡት መሐል ሁለት ታክሲ ነጂዎች ደግሞ የሣር ማጨጃ ማሽን ይዘው መጥተው ኖሯል። እኔ ለምሳ ልጠራቸው ስወጣ የሁለቱ ማሳ ዙሪያ ተላጭቷል። ሥሩ ተነቅሎ፣ ተከምሮ፣ አፈሩ በመቆፈሪያ ጀርባ ተስተካክሏል። ሙሽራ የሚገባበት ቤት አስመስለውታል።

«ሐጂ…» ብዬ ቀረሁ።

«እንዳትነግሪያት፤ ራሷ መጥታ ትየው» አሉኝ። ፊታቸው በላብ ረጥቦ እንደ ልጅ ያበራል። ዐሥራ አራቱም ያበራሉ። ምን ብዬ ልናገር?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእትዬ መኪና ገባች። ሐጂ እጇን ይዘው ወሰዷት፣ «እስቲ ዙሪያሽን ተመልከች» አሏት። ፊቷን ነበር የማየው። ግንባሯ ላይ አንዲት ሥር ስትነሣ አየሁ፣ ከዚያ በቃ ጠፋች። ጎንበስ ብላ የሐጂን እጅ ሳመችና፣ «እጅዎ ይባረክ። እጃችሁ ሁሉ ይባረክ። እንዲህ ያለ ወገን ያለው ሰው ምን ይሆናል?» አለች። ከዚያ እጇን ታጥባ ራሷ ታቀርብ፣ ራሷ ታጎርስ ጀመር። ከሐጂ አንሥታ እስከ ባንክ ቤቱ ዘበኛ ድረስ አንድ በአንድ አጎረሰቻቸው። «ብሉ፣ ደክማችኋል» ትላለች። በረካ ተባለ፣ ተመረቀ፣ ቫኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሄዱ።

እንደሄዱ ፈነዳሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አደራ ብለሽኝ ድስት ሳማስል ነው ጉድ የሠራሁሽ። ግን አሁኑኑ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። ያበላሹትን ይወቁ!»

«አትነግሪያቸውም።»

«ለምን?»

«ደቦ የመጣ ሰው በልቶ ተመስግኖ ነው የሚሄድ። ጉልበቱን አምጥቶልሽ ጥፋቱን ተሸክሞ አይመለስም። ሐጂ ዛሬ በስንት ዓመታቸው ገበሬ ሆነው ዋሉ፤ እሱን ልንነጥቃቸው?» አለችኝ። ሳህን እያጠበች ነበር። ስታለቅስ አላየሁም፤ የታጠበውን ሳህን ግን መልሳ አጠበችው።

ረቡዕ ማታ ደወልኩላት። ፎርም ሞይ ነኝና መላ አላጣም። «ጥንቸል በላው እንበል» አልኳት።

«ጥንቸሏ መቆፈሪያ ይዛ ነው የመጣችው?» አለችኝ።

ሐሙስ ኢንስፔክተሯ መጣች። ወጣት ናት፤ ቦቲ ጫማ አድርጋ ታብሌት ይዛለች። እትዬ ገና ሰላም እንዳለቻት ወደ ጠርዙ ወሰደቻትና እንዲህ አለቻት፦ የኔ ሰዎች ሊረዱኝ መጥተው አረሙት፤ በኛ ዘንድ ንጹሕ ጠርዝ የጥሩ ገበሬ ምልክት ነው፤ ቀድሜ አላስረዳኋቸውም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የኔን ስም አላነሣችም። ልጅቷ ዙሪያውን ሄዳ አየች፣ ፎቶ አነሣች። ደግ ልጅ ነበረች፤ ግን ያየሁትን ነው የምጽፈው አለች። በመስከረም መልሳ ከዘራች ውሉ አይሰረዝም፤ የዘንድሮው የአበባው ክፍያ ግን አይገባም። እትዬ አመስግና ጎመን በፌስታል ልትሰጣት ብትል፣ ሥራ ላይ ሆኜ አልቀበልም አለች። ያንንም ወደድኩላት።

ኪራዩ ግን አበባ በቀለ አልበቀለ አያውቅም። በሐምሌ እትዬ ሆስፒታል ተመለሰች። በስድሳ አንድ ዓመቷ፣ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ስድስተኛ ፎቅ ትጠርጋለች፤ ረፋድ ላይ ተመልሳ ትራክተር ላይ ትወጣለች። «እኔ ያለኝን ልስጥሽ» ብላት፣ «ያንቺ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ሰው ሲጠይቃት፣ «የዱሮ ጓደኞቼ ናፈቁኝ» ትላለች። አንድ ቀን ሼፈርድስ ቡሽ ሱቅ ውስጥ ስገባ አንዷ፣ «ሰማሽ? ያን ሁሉ መሬት ይዛ ደግሞ ሆስፒታል ትጠርጋለች አሉ። ሰው ገንዘብ አይጠግብም» ስትል ሰማሁ። ባሏ ያን ቀን ማሽን ይዘው ከመጡት አንዱ ነው። በሕይወቴ አፌን እንደዚያ ቀን ዘግቼ አላውቅም። በርበሬ ልገዛ ገብቼ ጨው ይዤ ወጣሁ።

ስምንት ወር ጠረገች። በመስከረም አበባውን መልሳ ዘራችው፤ ኪራዩን አንድ ቀን ሳታሳልፍ ከፈለች። በመጋቢት ካውንስሉ ውሉን ለአሥር ዓመት አደሰላት። ፊርማዋን ስታኖር ምስክር ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዩኒፎርሟንም ለሁለተኛ ጊዜ አስረከበች። ምንም አልተናገረችም፤ ቤቷ ገብታ እስከ ማግስቱ ተኛች።

በግንቦት ሐጂ የልጃቸውን ልጅ ይዘው እርሻውን ሊያዩ ሄዱ። ልጅቷ እዚህ ተወልዳ ያደገች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። በማሳው ጥግ የሚያልፍ የእግረኛ መንገድ አለ፤ እትዬ እዚያ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ትንሽ ሰሌዳ ተክላለች። ልጅቷ አነበበችላቸው፦ ይህ አበባ ለንቦች የተዘራ ነው፣ መንግሥት የሚከፍልበት ነው፣ እባክዎ እንዳይነኩት። ሐጂ ደግመሽ አንብቢው አሏት። በማግስቱ በሬን አንኳኩ። ያለ ቀጠሮ መጥተው አያውቁም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው» አሉኝ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «አምና እኛ ያረምነው አረም ነበር?»

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ደግሞ አገር ያውቃል።

«ሆስፒታል የተመለሰችው ለዚያ ነው?»

አሁንም ዝም።

«ስንት ወር?»

«ስምንት» አልኩ፤ ይቺ አመለጠችኝ።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡና ሳይቆጥሩ ያዙት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እያወቀች ነዋ ያጎረሰችኝ» አሉ። መቁጠሪያውን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ «ማወቄን እንዳትነግሪያት። ምስጋናዋን አላፈርስባትም» አሉኝ። በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። እሷ ለሳቸው እንዳልናገር ከልክላኛለች፣ እሳቸው ለሷ እንዳልናገር ከለከሉኝ፤ ከሰው ሁሉ መርጠው ደግሞ እኔን።

በሰኔ እድሩ እንደገና ደቦ ወጣ። ዘንድሮ ጠርዙ ፈንድቶ ነበር። ነጭ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ንቡ ከሩቅ ይሰማል። ከታክሲ ነጂዎቹ አንዱ ማሽኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «ይሄን ጠርዝ ዘንድሮም አረም ውጦባታል እኮ» እያለ ሲመጣ፣ ሐጂ ከቫኑ ውስጥ የሚታጠፍ ወንበር አወጡና ጠርዙ መግቢያ ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። «እናንተ ወደ ድንቹ። እኔ ጉልበቴን አሞኛል፣ እዚህ ነፋሱ ተስማምቶኛል» አሉ። «ሐጂ፣ ትንሽ ፈቅ ይበሉልንና እናጽዳው» ቢሏቸው፣ «ሽማግሌ ታስነሣላችሁ?» ብለው ተቆጡ። ከወንበራቸው የተነሡት ለሶላት ብቻ ነው፤ ያኔም የልጃቸውን ልጅ አስቀምጠውበት ነው የሄዱት። ጉልበታቸው ምንም እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ፤ በሳምንቱ ሼፈርድስ ቡሽ ድረስ በእግራቸው ሲመጡ አይቻቸዋለሁ።

እትዬ ከገበያ ስትመለስ መኪናዋን አቁማ ወደ ሐጂ አየች። ፀሐዩ ግንባራቸውን አቅልቶታል። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ነገርሻቸው?»

«ሞቼ እገኛለሁ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ከአንዲት ቁጥር በቀር አልተናገርኩም።

ውኃ በብርጭቆ ቀድታ ሄደችላቸው። በሁለት እጇ ሰጠቻቸው፣ እስኪጠጡ ቆማ ጠበቀች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሐጂ» አለች።

«ለምኑ ልጄ? ዛሬ አንድ ሣር አልነቀልኩ።»

«ለአምናው።»

ሐጂ ብርጭቆውን አዟዟሩት። «የዘንድሮው ይሻላል» አሉ። እሷም ከወንበራቸው ሥር፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ወደ ድስቴ ተመልሼ ነበር፣ ሰው ስለ ዓይኔ ሲጠይቀኝ ሽንኩርቱ ነው እንድል።